አጥንት የሌለበት ጥቅምት

የጥቅምት ፀሐይ ሐሜተኛ ናት። ክረምቱን ሙሉ ደመና ሸፍኖት የከረመውን ጉዳችንን አንድ ጠዋት ብቅ ብላ አደባባይ ታወጣዋለች። ዝናብ መስኮቱ ላይ እየወረደ የተወው የአቧራ መስመር፣ ከሶፋው ጀርባ ግድግዳውን ይዞ የከረመው ሻጋታ፣ መጋረጃው ጫፍ ላይ መቼ እንደተረጨ የማይታወቅ የወጥ ፍንጣቂ፣ ሁሉም ባንድ አፍ "እኛም አለን" ይላሉ። በሐምሌ አንዳቸውም አልነበሩም። ነበሩ እንጂ፤ በሐምሌ ቤቱን የሚያይ ዓይን የለም። ሰው ጋቢውን ተከናንቦ የሚያየው የሻይ ብርጭቆውን ብቻ ነው።

ይህችን ፀሐይ የሚስተካከላት አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ሊመጣ ያለ እንግዳ። የመጣ እንግዳ ምንም አያደርግም፣ ተቀምጦ ይጫወታል። ሊመጣ ያለው ነው አስቸጋሪው። ገና ደረጃውን ሳይወጣ ባለቤቶቹ ቤታቸውን በእሱ ዓይን ማየት ይጀምራሉ። ስንት ዓመት ቡና የጠጣንበት ጠርዙ የተሸረፈ ሲኒ ድንገት "ይሄማ ሰው ፊት አይቀርብም" ይባላል። ባለፈው ቅዳሜ ታዲያ ሁለቱም ባንድ ቀን መጡብን፤ ፀሐይዋ በጠዋት፣ እንግዶቹ ማታ።

በቆጠራችን መስከረም 26 ክረምት ወጥቶ መፀው ይገባል። ሰማዩ ግን የቀን መቁጠሪያ ይዞ አይዞርም፤ ጥቅምት ከባተ በኋላም ከሰዓት በኋላ ዳመን ይልና "ረሳችሁኝ እንዴ?" ብሎ ጥቂት አካፍቶ ይሄዳል። ነሐሴ ላይ ከ200 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ የሚወርድባት አዲስ አበባ በጥቅምት ከ50 በታች ነው የሚደርሳት፤ ችግሩ ያቺ ጥቂቷ ዝናብ ብርድ ልብስ የተሰጣበትን ቀን መርጣ መውረዷ ነው። ስለዚህ እኛ ጀሞ ኮንዶሚኒየም የምንኖር ሰዎች የራሳችን የአየር ትንበያ አለን። ፊት ለፊታችን ካለው ብሎክ ሦስተኛ ፎቅ ላይ የሚኖሩ አንዲት ሴትዮ ናቸው። እሳቸው ጋቢ ካሰጡ ሰፈሩ ጋቢ ያሰጣል። ፍራሽ ካወጡ ፍራሽ የሌለው እንኳ ምንጣፉን ይዞ ይወጣል። አንድም ቀን አነጋግሬያቸው አላውቅም፤ ፍራሻቸውን ግን ከነአበባው ለይቼ አውቀዋለሁ። ቅዳሜ ጠዋት መጋረጃውን ስገልጥ ፍራሹ በረንዳቸው ላይ ተጋድሟል። "አወጡት!" አልኩ። ባለቤቴ ትራሶቹን እያቀፈች "በል ያዝ" አለች።

እራቱ የተጠራው ያለ ምክንያት ነው፤ ይህንን ማስረዳት ደግሞ ከዝግጅቱ በልጦ አስቸገረ። አዲስ አበባ ውስጥ ወዳጅ የሚገኘው ካፌ ነው። "እንገናኝ" ሲባል ማኪያቶ ማለት ነው፣ ሒሳቡን እኔ ልክፈል እኔ ልክፈል ተባብሎ መለያየት ነው። ቤት የሚኬደው ለበዓል፣ ለልቅሶ፣ አራስ ለመጠየቅ ወይም ለሽምግልና ነው። ከዚህ ውጭ "ቅዳሜ እራት እኛ ጋ ኑ" ካልክ ሰው ይጠራጠርሃል። ባንክ የሚሠራው ጓደኛችን በስልክ፣

"ልደት ነው?" አለኝ።

"አይደለም።"

"ታዲያ ምን ተገኘ? ልትሄዱ ነው እንዴ?"

መሄድ ማለት ውጭ አገር መሄድ ነው። ዛሬ ዛሬ ያለ በዓል እራት የሚጠራ ሰው ወይ ዲቪ ደርሶታል ወይ ብር ሊበደር ነው። "ምንም የለም፣ ክረምቱ ስለወጣ ነው" አልኩት። ጥቂት ዝም ብሎ ቆየና "ባዶ እጄንማ አልመጣም፣ ምን ላምጣ?" አለ። እንዳመነኝ የገባኝ ያኔ ነው።

ቀጥሎ የምግቡ ነገር መጣ። "በጥቅምት አንድ አጥንት" ይላል አገሩ፤ ብርዱ ሲገባ ሰውነት ሥጋ ይሻል፣ እሱም ባይሆን የሚጋጥ ነገር። ባለቤቴ ግን ወረቀት አውጥታ የእንግዶቹን ስም ደርድራ ከየስሙ ጎን መጻፍ ስትጀምር የአጥንቱ ነገር ከመነሻው ተበላሸ። ሐኪም የሆነችው ጓደኛዋ ጽጌን ትጾማለች። ጾመ ጽጌ የፈቃድ ጾም ነው፤ እመቤታችን ልጇን ይዛ ወደ ግብፅ የተሰደደችበትን በማሰብ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 የወደደ ይጾመዋል። ለጋባዥ አስቸጋሪነቱ እዚህ ላይ ነው። ሁዳዴ ቢሆን መጠየቅ የለም፤ በጽጌ ግን ማን እንደሚጾም እና እንደማይጾም የሚያውቀው ራሱ ጿሚው ነው። ባንከሩ አይጾምም፤ ሚስቱ "ዘንድሮ እስቲ ልሞክረው" ብላለች። መርካቶ ጨርቅ የሚነግደው ጓደኛችን ደግሞ ሙስሊም ነው፤ እሱ እኛ ያረድነውን አይበላም፣ እኛም እሱ ያረደውን አንበላም። ይህ በመካከላችን ከተማሪነት ጀምሮ የታወቀ ስለሆነ ማንም በማንም አይቀየምም።

ሠርግ ቢሆን መላ አለው። ሙስሊም ጎረቤት ጠርቶ ማሳረድ፣ ድስቱንም ጭልፋውንም መለየት፣ ድንኳኑ ውስጥ የሙስሊም ምግብ የሚነሣበት ጠረጴዛ ለብቻ ማዘጋጀት የተለመደ ነው። ለእፍኝ ሰው እራት ሁለት ገበታ መዘርጋት ግን ሰውን ጠርቶ መለየት ይሆናል። ባለቤቴ ወረቀቷን ላይ ታች ስታይ ቆየችና "ሽሮ" አለች። ከዚያ ምስር ጨመረች፣ ጎመን፣ ቀይ ሥር፣ አዚፋ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ስለ ጾም ምግብ ሲወራ ሁልጊዜ የሚነሣው የሌለው ነገር ነው፤ ቅቤ የለው፣ ወተት የለው፣ ሥጋ የለው። አንድም ሰው ሳያስቀር ሁሉን ባንድ ትሪ ዙሪያ እንደሚሰበስብ ግን ሲነገርለት ብዙም አልሰማሁም። ምስሩን ማን አረደው ተብሎ አይጠየቅም። ጿሚዋም፣ "ጾም አልችልም" የሚለውም፣ ከሶላት የመጣውም፣ ጴንጤዋ የአክስቴ ልጅ ብትጨመርም፣ ሽሮው ላይ ሁሉም እኩል ባለቤት ነው። ለጾመኛ የተፈጠረ ምግብ ለማይጾመው ሁሉ መገናኛ ሆኖ መገኘቱ፣ ያሰቡበት ሰዎች ይኑሩ አይኑሩ አላውቅም፣ ተሳክቷል። እኔ "ዓሣ ቢጨመርበትስ?" ብዬ ነበር። ዓሣ ግን የራሱ ጭቅጭቅ አለው፤ በጾም የሚበላው ብዙ ነው፣ "እሱም ሥጋ ነው" የሚለውም እንደዚያው። ሐኪሟ ከየትኛው ወገን እንደሆነች ስላልታወቀ ዓሣው ቀረ።

ረፋድ ላይ የጎደለውን ልገዛ ስወርድ የብሎካችን መግቢያ ተዘግቷል። ሸራ ተነጥፎ የዓመቱ በርበሬ ተሰጥቷል። አንደኛ ፎቅ የሚኖሩት እማማ አጭር በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው ይቀነጥሳሉ። እጃቸውን ቆሜ አየሁ። ዛላውን አንሥተው በመጀመሪያ ጆሯቸው አጠገብ ይነቀንቁታል፤ ውስጡ ፍሬው ከተንኳኳ ደርቋል። ከዚያ አውራ ጣታቸው እንጨቱ ሥር ይገባና ቀጭ! እንጨቱ ወዲህ፣ ዛላው ወዲያ። ነጣ ያለውን፣ ሆዱ ውስጥ ሻጋታ የያዘውን፣ ሳያዩት በክብደቱ ብቻ ለይተው ይጥሉታል። ገና ብዙ ይቀራቸዋል። በነጭ ሽንኩርትና በዝንጅብል ተወቅጦ፣ ታሽቶ፣ እንደገና ተሰጥቶ፣ ኮረሪማው፣ በሶብላው፣ ነጭ አዝሙዱ ታምሶ ሲገባበት፣ ወፍጮ ቤት ተፈጭቶ ሲመለስ ነው በርበሬ የሚባለው። በሸራው አጠገብ የሚያልፍ ሁሉ ያስነጥሳል፤ እሳቸውም ቀና ሳይሉ "ይማርህ"፣ "ይማርሽ" ይላሉ፤ ወንድና ሴቱን በማስነጠሱ ይለያሉ። አንድ ጎልማሳ መኪናውን አቁሞ ይጠብቃል፤ በርበሬው የተሰጣው እሱ ሁልጊዜ በሚያቆምበት ቦታ ላይ ነው። ጥሩምባ ሊነፋ ቀርቶ ሞተሩን አጥፍቶታል።

"እንደምን አደሩ እማማ?"

"እግዚአብሔር ይመስገን። ጉልበቴ ነው እንጂ፤ ለአቡዬ ንግሥ ዝቋላ ወጥቼ ይኸው እስከ ዛሬ ይቆረጥመኛል።"

የዝቋላ አቦ ንግሥ በጥቅምት 5 ነው፤ ተራራው 2,989 ሜትር ይደርሳል። በሰባ ዓመታቸው ያንን ወጥቶ በሳምንቱ በርበሬ መቀንጠስ፣ ጉልበት ታመመ የሚባለው ይሄ ከሆነ የእኔ ምን ሊባል ነው? እንግዳ እንዳለብን ነገርኳቸው።

"ከውጭ ነው የመጡት?"

"አይ፣ እዚሁ ከተማ ያሉ ጓደኞቻችን ናቸው።"

"እና ምን ሆናችሁ?"

"ምንም። እራት ብቻ።"

እጃቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ቆመ። ከላይ እስከ ታች አዩኝ። "ደግ ነው" አሉ በመጨረሻ፣ ብዙም ሳያምኑ። "ምን ልትሠሩ ነው?" ሽሮና ምስር ስላቸው "ምስሩን በሱቅ በርበሬ እንዳትሠሩት!" ብለው ልጅ ልከው ካምና ከተረፋቸው አንድ ኩባያ ሙሉ አስመጡልኝ። ዋጋ ቢጠየቁ ይጣሉኛል፤ ስለዚህ አስነጥሼ፣ ተመርቄ ሄድኩ።

ከብሎካችን ጀርባ በቆርቆሮ የታጠረ ባዶ ቦታ አለ። ነገ ሕንፃ ይሆናል፤ እስከዚያ ድረስ የአደይ አበባ ነው። እንቁጣጣሽ ላይ ሕፃናት በእቅፍ ለቅመው የሸጡት ዘንድሮም አላለቀም፤ ቆርቆሮው ቀዳዳ ሲያገኝ ቢጫው ይወጣል። አጥሩ ላይ ጅራተ ረጅም ወፍ ትወዛወዛለች፤ ትወዛወዛለች አልኩ እንጂ ወንዱ ነው። የመስቀል ወፍ ከየት መጥታ የት እንደምትሄድ አይታወቅም ሲባል ነው ያደግነው። የትም አትሄድም። ወንዱ የመራቢያው ወቅት ሲደርስ ያንን ልብስና ጅራት ያወጣል፣ ወቅቱ ሲያልፍ አውልቆ ቡናማ ሆኖ ከድንቢጦቹ ጋር ሲለቅም ይከርማል፤ ዓመቱን ሙሉ አጠገባችን እያለ አናውቀውም። ከዚያ ወዲያ ፉሪ ተራራ ይታያል። ክረምቱን ፉሪ የሚባል ነገር አልነበረም፤ አሁን ግን ጥግ ጥጉ ተስሎ፣ ዛፎቹ አንድ በአንድ ሊቆጠሩ እስኪደርሱ ቀርቧል።

ከሰዓቱን በተመለከተ የምናገረው ጥቂት ነው። የውኃ ፈረቃችን ስለነበር ቧንቧው ተንተፋትፎ መጣ፣ በርሜሉ ሞላ። ባለቤቴ ወጥ ቤት እያለች እኔ አተር እሸት እንድፈለፍል ተሰጠኝ። በረንዳ ላይ ፀሐይ የጠገበ ፍራሽ አለ፤ አተር ደግሞ ተቀምጦም ተጋድሞም ይፈለፈላል። ከታች "ይማርህ" ይሰማል። አንድ ለአፌ፣ አንድ ለሳህኑ እያልኩ ስቀጥል ሳህኑ ለምን እንደማይሞላ ለባለቤቴ ማስረዳት ነበረብኝ፤ "እሸት እኮ የሚበላው ከነቅርፊቱ ቀርቦ እየተጫወቱ ነው" አልኳት። እውነቴን ነው። እሸት እጅን ሥራ ያስይዛል፤ እጁ ሥራ የያዘ ሰው ስልኩን አያወጣም። የተረፈው እንዳለ፣ ከነቅርፊቱ፣ ለእንግዶቹ ተቀመጠ።

ሐኪሟ በሰዓቷ መጣች፤ ነጠላዋን ተከናንባ። በጽጌ ወራት ቅዳሜ ማታ ማኅሌት ይቆማል፣ እሑድ እስኪነጋ ይዘልቃል፤ ከእኛ ወጥታ ወደዚያ ልትሄድ ነው። ሌሎቹ አዲስ አበቤ ናቸው፤ "ደርሰናል" ሲሉ ልብስ እየለበሱ ነው። ባንከሩ የኬክ ካርቶን አንጠልጥሎ ገባ፣ ገና በሩ ላይ "የጾም ነው፣ ጠይቄ ነው የገዛሁት" እያለ። የመርካቶው ሙሸበክ ይዟል፤ ፌስታሉ እስኪያብረቀርቅ በሽሮፕ ርሷል።

ቀኑን ሙሉ የተፈራው ምርመራ ግን አልመጣም። ግድግዳውን ያየ የለም፣ ሲኒውን ያየ የለም። የመርካቶው ብቻ ቁጭ ሳይል ቀጥ ብሎ ወደ መጋረጃው ሄደ። ጫፉን ያዘ፣ በሁለት ጣቱ አሸት አሸት አደረገው፣ ወደ መብራቱ ዘረጋው።

"ይሄን ከማን ነው የገዛችሁት? ሜትሩን በስንት?"

ባለቤቴ ዋጋውን ነገረችው። አላዘነም፣ አልሳቀም። ጨርቁን ገልበጥ አድርጎ ያቺን ፍንጣቂ አገኛት፣ በጥፍሩ ጫር ጫር አደረጋት። "ሽሮ ናት። የእኔ ጨርቅ ቢሆን ባንድ ውኃ ትለቅ ነበር" አለና ተቀመጠ።

ምስሩ የተሠራው በእማማ በርበሬ ነውና ሁለት ጉርሻ ሳይጎረስ አፍንጫ መጠረግ ጀመረ። ባንከሩ ከሁሉም በላይ በላ፤ ሁልጊዜም በጾም ገበታ ላይ በርትቶ የሚበላው የማይጾመው ነው። ይህም ሆኖ ትሪው መሐል ሲደርስ ቀና ብሎ "ጥቅምት ነው እኮ፤ አጥንቱስ?" አለ። መልስ ሳይጠብቅ ከጎመኑ ውስጥ አንድ ያልበሰለ ወፍራም እንጨት መዝዞ አወጣና በሁለት እጁ ይዞ ይግጥ ጀመር። "አገኘሁት!" ሚስቱ አፈረች። ባለቤቴም አፈረች፣ የእሷ ግን በጎመኑ ነው።

ምሽቱ ሲገፋ ብርዱ በመስኮቱ መጣ። ቀን ኮት ያስወለቀ አየር ማታ ጋቢ ያስደርባል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ ክረምት ላይ ደመናው የቀኑን ሙቀት እንደ ጋቢ ሸፍኖ ያሳድረዋል፤ ጥቅምት ላይ ያ ጋቢ ይገፈፍና ሙቀቱ ወደ ጠራው ሰማይ ይወጣል፤ ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል። የአጥንቱ አባባል ከዚህ የመጣ ነው፤ ሐኪሟ ግን "አጥንት ብርድ አያስለቅቅም፣ ካልሲ አድርጉ" ብላ ነጠላዋን አጠበቀች። ታክሲዋ ሲደርስ ሙሸበክ በወረቀት ጠቅልለን ሰጠናት። በማኅሌት መሐል ትበላው እንደሆነ ጠየቅናት፤ አልመለሰችም፤ ቦርሳዋ ውስጥ ግን ከተተችው።

የቀረነው ቡና ይፈላ አይፈላ ተከራከርን። ከአርባ ዓመት በላይ የሆነው ወገን "እንቅልፍ ይነሣናል" ብሎ ተቃወመ፤ ሲፈላ ግን ሦስተኛውን ጨምሮ ጠጣ። በዚህ መሐል የመርካቶው፣

"ቀጣዩ እኔ ጋ ነው" አለ። "እንዲህ ሆኖማ አይቀርም። በግ አርዳለሁ።"

"ለማን?" አለው ባንከሩ።

ጸጥ አለ። ከዚያ እሱ ራሱ ቀድሞ ሳቀ። ባለቤቴ የቀን መቁጠሪያውን ከግድግዳው አውርዳ መቁጠር ጀመረች። ጽጌ ኅዳር 5 ያልቃል። ኅዳር 15 የነቢያት ጾም ይገባል። በመካከሉ ካሉት ቀናት ረቡዕና ዓርብ ይወጣሉ። ኅዳር 12 ደግሞ ሰፈሩ ሁሉ ቆሻሻ ሰብስቦ ያጥናል፤ በ1911 ዓ.ም. ከተማዋን ከፈጀው የኅዳር በሽታ ወዲህ የቆየ ልማድ ነው፤ በዚያ ጢስ ማን ከጀሞ መርካቶ ይሄዳል?

"ቀኑማ ይገኛል" አለች። "ችግሩ ቀኑ አይደለም፣ በጉ ነው።"

"እሺ፣ በጉን ተዉት" አለ የመርካቶው እጁን አንሥቶ። "ፉል። እሑድ ጠዋት፣ እኔ ቤት። ፉል የማን ነው? የሁሉም ነው።"

"በእንቁላልና በቅቤ ነው ወይስ ባዶውን?" አለች የባንከሩ ሚስት።

"እስከዚያ ጽጌ ካለቀ በቅቤ።"

"እኔ ቅቤ አይስማማኝም" አለ ባንከሩ።

ባለቤቴ ወረቀቷን ገልብጣ በጀርባው መጻፍ ጀመረች።